ድል የሌለበት ጦርነት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ፥ በችኮላ የተያዘ ነገር ሁሉ በችኮላ እንደሚለቀቅ ያስተምራል። በዚህ ወር ይህን ምሳሌ ያስታወሰን አንድ የልጆች ጨዋታ ነው። ጨዋታው በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ የሚታይ የጠፈር ጦርነት ሲሆን፥ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ከላይ እንደ በረዶ የሚወርዱባትን የጠላት መርከቦች እየተኰሰች ስትጥል፥ ራስዋም ከጥይት ለማምለጥ ወዲያና ወዲህ ስትወረወር ይታያል። ፍጥነቱ የዐዋቂ ዐይን ተከትሎ የሚደርስበት አይደለም። ስለዚህ ጨዋታ በየቤቱ ብዙ ነቀፌታ ይሰማል፤ ነገር ግን ከነቀፌታው የትኛው እውነት፥ የትኛው ከንቱ እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተቀምጠን ያየነውንና የሰማነውን፥ ከዚያም በኋላ መርምረን ያገኘነውን ለውድ አንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ቤተሰቡ የሚኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፥ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። አባትየው ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እናትየው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ሠራተኛ ናት፤ ከሦስቱ ልጆቻቸው ታላቁ 12 ዓመቱ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ዘመናዊ ስልክ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም የእናቲቱ ነው። በዚህ ስልክ አባትየው ከመንገድ ይደውላል፤ በዚሁ ስልክ የወሩ የአስቤዛ ገንዘብ በቴሌብር ይመጣል፤ በዚሁ ስልክ ልጁ በጠፈር ላይ ይዋጋል።

ባለፈው ኅዳር ወር በአንዱ ሌሊት፥ አባትየው ከሚሌ ወዲህ በአፋር በረሃ መኪናው ተበላሽቶበት ከመንገድ ዳር ቆመ። ለሚስቱ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ዝግ ነው። ለካስ ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጫወት የስልኩ ባትሪ አልቆ ኖሯል። እናትየው በማለዳ ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ብታበራው፥ ባልዋ 9 ጊዜ እንደ ደወለ የሚገልጽ መልእክት አገኘች፤ ደንግጣ መልሳ ብትደውል ደግሞ በዚህ ጊዜ የእርሱ ስልክ ተዘግቶ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ፥ ያንን መንገድ የሚያውቅ የሾፌር ሚስት ሁሉ የምታስበውን ስታስብ ቆየች፤ ወደ ሥራዋም አልሄደች። ከቀትር በኋላ አባትየው ከአንድ ጋራዥ በሰው ስልክ ደውሎ ደኅና መሆኑን ሲነግራት፥ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባዋን ከጠረገች በኋላ ግን ተነሥታ ልጅዋን መታችው። ልጁም ሦስት ቀን ሙሉ አላናገራትም።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምክር ተጠራን። የነቢያት ጾም በመሆኑ ከቡናው ጋር የቀረበው ቆሎ ነበር። የተገኙትም የቤተሰቡ የንስሐ አባት መምሬ፥ የልጁ አስተማሪ፥ በቃሊቲ ጋራዥ የሚሠራው አጎቱና እኛ ነበርን። ልጁ ከበሩ አጠገብ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል።

አስቀድሞ የተናገረው አጎቱ ነው። «ይህ ነገር ገንዘብና ጊዜ ከመብላት በቀር ምን ጥቅም አለው? እኔ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ መፍቻ ይዤ ከመኪና ሥር ነበርሁ» አለ። አስተማሪዋ ቀጥላ፥ «እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ አንድ ገጽ አንብቦ ሳይጨርስ ይቁነጠነጣል፤ ፍጥነት የለመደ ልብ በፊደል ላይ ማረፍ አቃተው» አለች። እናትየው ደግሞ፥ «እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ሲተኩስና ሲገድል የሚውል ልጅ ልቡ አይደነድንም ወይ መምሬ?» ስትል ጠየቀች። መምሬ ግን ሲኒያቸውን እንደ ያዙ፥ «ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም፤ እስቲ ልጁ ይናገር» አሉ።

ልጁ ቀና ሳይል፥ «ሁላችሁም ጨዋታው መጥፎ ነው ትላላችሁ፤ ግን አንዳችሁም አላያችሁትም» አለ።

ይህ ቃል ሁላችንንም ዝም አሰኘን፤ እውነት ነበርና። የምንነቅፈውን ነገር ከመካከላችን በዐይኑ ያየው አልነበረም። መምሬ ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያስ ምስክሩ ይቅረብ» ሲሉ እናትየው ስልኩን ለልጁ ሰጠችው፤ እርሱም ጨዋታውን ከፍቶ በመካከላችን አኖረው። በመጀመሪያ የሞከርነው እኛ ነን፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላን መርከባችን ተቃጠለች። አጎትየው መፍቻ በለመደ ጣቱ መስተዋቱን አጥብቆ ቢጫነው ከእኛ በባሰ ፍጥነት ወደቀ። አስተማሪዋ ጥቂት ቆየች። በመጨረሻም ተራው ለእናትየው ደረሰ። ዕድሜዋን በሙሉ የሚሮጥ ክር ሲበጠስ ባየችበት ቅጽበት ስትይዝ የኖረች ናትና፥ ከሁላችንም ይልቅ ዐይንዋ ንቁ፥ ጣትዋም ቀላል ሆኖ ተገኘ። የጠላት መርከቦች በበዙባት ጊዜ ልጁ ከበርጩማው ተነሥቶ፥ «እማዬ፥ ወደ ግራ! ወደ ግራ ነይ!» ብሎ ጮኸ። ከሦስት ቀን በኋላ ለእናቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

መርከብዋ ተቃጥላ ሳቁ ጋብ ካለ በኋላ መምሬ፥ «ልጄ፥ መጨረሻው የት ነው?» ብለው ጠየቁት። «መጨረሻ የለውም አባ፤ እየፈጠነ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያ ይሞታሉ» አላቸው። «እንግዲያስ የሚያሸንፈው ማነው?» አሉት። ልጁ ጥቂት አሰበና መልስ አጣ።

ይህ ጥያቄ ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላም አልለቀቀንም፤ ስለዚህ የጨዋታውን አመጣጥ መረመርን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጠፈር መዋጋት የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሆነ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ ስቲቭ ራስል የተባለ ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ «ስፔስዋር» የተሰኘውን ጨዋታ ቁም ሣጥን በሚያህል ኮምፒዩተር ላይ ሠራ። በዚያ ጨዋታ ሁለት መርከቦች፥ በመካከላቸው ያለች ኮከብ ወደ ራስዋ እየሳበቻቸው፥ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። መርከቦቹን የሚነዱት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አንደኛው ያሸንፋል፥ ሁለተኛው ይሸነፋል፥ ጨዋታውም ያበቃል።

በ1978 የወጣው ጨዋታ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን ጨዋታ ሠራ፤ ትርጓሜውም «የጠፈር ወራሪዎች» ማለት ነው። ወራሪዎቹ በ5 ረድፍ፥ በየረድፉም 11 ሆነው የተሰለፉ 55 ፍጥረታት ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ምድር ሳይደርሱ ተኩሶ ይጥላቸዋል። ቁጥራቸው በቀነሰ መጠን ፍጥነታቸው ይጨምራል። ይህ ግን አስቀድሞ ታስቦበት የተደረገ አልነበረም። የጊዜው መሣሪያ ብዙ ሥዕል ባንድነት ማንቀሳቀስ ይከብደው ስለ ነበር፥ ወራሪዎቹ ባነሱ ቁጥር ሸክሙ ይቀልለትና ይፈጥናል፤ ኒሺካዶም የመሣሪያው ድካም ጨዋታውን የሚያጓጓ ሆኖ ስላገኘው እንዳለ ተወው። አብሮ የሚሰማው አራት ድምፅ ያለው ዜማም እንደ ደነገጠ ልብ እየፈጠነ ይሄዳል። ተጫዋቹ 55ቱን ሁሉ ቢጨርስ ሌሎች 55 ይተካሉ፤ እነርሱንም ቢጨርስ ሌሎች ይመጣሉ። መሣሪያው በጃፓን የ100 የን ሳንቲም እየተከፈለበት የሚሠራ ነበርና፥ አዲስ ሳንቲም የሚገባው የቀድሞው ተጫዋች ሲሞት ብቻ ነው። እንግዲህ «መጨረሻ የለውም፤ ከዚያ ይሞታሉ» የሚለው የቱሉ ዲምቱው ልጅ ቃል፥ ሳያውቀው የዚህን ሁሉ ጨዋታ ሥር የገለጸ ቃል ነው።

ነቀፌታውም ቢሆን ከእኛ ቤት የጀመረ አይደለም። በ1981 በእንግሊዝ አገር በሕግ መምሪያው ምክር ቤት፥ ጆርጅ ፎክስ የተባሉ የሌበር ፓርቲ አባል፥ ወጣቶች በዚህ ጨዋታ ምክንያት ከትምህርት ቤት እየቀሩ፥ የምሳ ገንዘባቸውን እያጠፉ፥ ለስርቆትም እየተዳረጉ ነው በማለት፥ የየአካባቢው አስተዳደር የጨዋታ መሣሪያዎቹን እንዲቈጣጠር የሚያስችል የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ሌላው የምክር ቤት አባል ማይክል ብራውን ደግሞ ተነሥተው፥ እርሳቸው ራሳቸው ጨዋታውን እንደሚጫወቱና ጉዳት የሌለበት መዝናኛ እንደ ሆነ ተከራከሩ። ድምፅ ሲሰጥ 94 ሰዎች ደግፈው 114 ተቃወሙትና ረቂቁ ወደቀ። በዚያው ዓመት የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ ይህን የመሰለውን ጨዋታ በአገራቸው ፈጽመው ከለከሉ። በ1982 ደግሞ የአሜሪካ የጤና ሹም ዶክተር ኤቨረት ኩፕ ጨዋታው ለወጣቶች አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ተናግረው፥ ወዲያው ይህ የግል አስተያየታቸው እንጂ በሳይንስ ማስረጃ የተደገፈ እንዳልሆነ ገለጹ። አንዱ ይከለክላል፥ አንዱ ይከራከራል፥ አንዱም ተናግሮ ይመለሳል። በዚያ በቡናው ዙሪያ የነበርነውም ሰዎች ከእነዚህ የተለየን አልነበርንም።

እንግዲህ የተሰነዘሩትን ነቀፌታዎች አንድ በአንድ እንመዝናቸው።

የመጀመሪያው የአጎትየው ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ይበላል የሚለው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን መልኩን ለውጧል። የዛሬው የስልክ ጨዋታ ሳንቲም አይጠይቅም፤ «ነፃ ነው» ተብሎ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ልጁ በሞተ ቁጥር የንግድ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ማስታወቂያውን ቢመለከት አንዲት ተጨማሪ ነፍስ ይሰጠዋል፤ ማስታወቂያውም የእናቲቱን የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ሳንቲሙ ቀርቶ በምትኩ የሚከፈለው የልጁ ጊዜና የእናቱ ጥቅል ሆነ እንጂ ዋጋው አልቀረም። ወላጆች «በነፃ ነው የሚጫወተው» ከማለታቸው በፊት ይህን እንዲያስተውሉ ይገባል። ሆኖም ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ይበላል፤ ልጅም ሳይጫወት አያድግም። ስለዚህ ይህ ነቀፌታ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

ሁለተኛው የእናትየው ሥጋት ነው፤ የሚተኩስ ልጅ ልቡ ይደነድናል የሚለው። በዚህ ረገድ አንድ የሚያስገርም ነገር አግኝተናል። ኒሺካዶ ጨዋታውን ሲያስብ ሰውን እንደ ዒላማ አድርጎ መተኮስ ከግብረ ገብነት የራቀ ነው በመባሉ፥ በሰው ምትክ የባሕር እንስሳ የሚመስሉ የጠፈር ፍጥረታትን አሰለፈ። ይህ ሥጋት እንግዲህ ጨዋታው በተሠራበት ቀን አብሮ የተወለደ ነው። በሌላ በኩል ግን የእኛም አያቶች በፈረስ ጉግስ ዘንግ እየተወራወሩ፥ በጋሻ እየመከቱ ያደጉ ናቸው፤ ያም የጦርነት ጨዋታ ነበር። ጉግስ የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አልሆነም። ልዩነቱ በጉግስ ባላጋራህ ፊቱን የምታየው ጎረቤትህ ነው፤ ዘንጉ ቢያገኘው ትደነግጣለህ፤ ጨዋታው ሲያልቅ አብረኸው ትበላለህ። በስልኩ ጨዋታ ግን ባላጋራው ፊት የለውም። ስለዚህ እናቲቱ ልጅዋ ጨካኝ ይሆናል ብላ ከምትፈራ፥ ብቻውን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ፊት ከሌለው ነገር ጋር ብዙ ሰዓት ማሳለፉን ብትፈራ ይሻላል እንላለን። እርስዋ ራስዋ በተጫወተች ጊዜ፥ ያው ጨዋታ እናትና ልጅ ማስታረቁን ሁላችንም አይተናል።

ሦስተኛው የአስተማሪዋ ነው፤ ፍጥነቱ ልብን ያውካል የሚለው። በ2003 ሾን ግሪንና ዳፍኔ ባቬልየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፥ ፈጣን የተኩስ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ከማይጫወቱት ይልቅ በዐይናቸው ፊት የሚያልፈውን ብዙ ነገር ፈጥነው ለይተው እንደሚያዩ አሳይተዋል። ስለዚህ ጨዋታው ዐይንን ያነቃል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ፈጥኖ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ባዩት ላይ መቈየት ሌላ ነገር ነው። የእናትየው ዐይን በፋብሪካ ፈጣን ሆነ፤ ልቧ ግን ባልዋን እስከ ቀትር መጠበቅን የተማረው ከሌላ ቦታ ነው። አንድን ገጽ አንብቦ መጨረስ፥ ዳዊት መድገም፥ የሒሳብ ጥያቄን ደጋግሞ መሞከር፥ የታመመን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ማስታመም፥ እነዚህ ሁሉ ፈጣን ዐይን ሳይሆን ታጋሽ ልብ ይሻሉ። አስተማሪዋ የተናገረችው እውነት ነው፤ ጨዋታው የማይሰጠውን ነገር ቤቱና ትምህርት ቤቱ ሊሰጡት ይገባል።

አራተኛው ነቀፌታ ግን፥ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው፥ በመምሬ ጥያቄ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ጨዋታ መጨረሻ የለውም። በገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ተቈጥሮ አሸናፊው ይታወቃል። የገና ጨዋታ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፤ ሯጩም፥ ተመልካቹም ወደ ቤቱ ይገባል። ልጆች በየሰፈሩ በሚጫወቱት ኩኩሉ እንኳ የተደበቁት «አልነጋም» እያሉ ይቈዩና በመጨረሻ «ነጋ» ይላሉ፤ ፈላጊውም ይወጣል። የአባቶቻችን ጨዋታ ሁሉ የሚነጋበት ሰዓት አለው። የጠፈሩ ጦርነት ግን አይነጋም። ልጁ ቢበረታ ፍጥነቱ ይጨምርበታል፤ ቢደክም ይሞታል፤ ቢሞት ወዲያው ይነሣል። «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨርስና እተኛለሁ» የሚለው ልጅ ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ የሚጨረስ ነገር ስለሌለው ነው። በዚያች ሌሊትም ጨዋታውን ያስቆመው ልጁ አይደለም፤ ድልም አይደለም፤ የባትሪው ማለቅ ነው። የአባቱ ጥሪ መድረሻ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ስፍራ ላይ ወላጆችን የምናስጠነቅቅበት አንድ ነገር አለ። ልጃቸው ስልክ አልለቅም ባለ ጊዜ ሁሉ «ሱሰኛ ሆነ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሥራ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ፥ የጨዋታ ሕመም የሚባል ነገር መኖሩን በእርግጥ ይቀበላል። ነገር ግን ሕመሙ የሚለካው በሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መግታት ሲያቅተው፥ ጨዋታውን ከሌላው ጉዳዩ ሁሉ ሲያስቀድም፥ ጉዳት እየደረሰበትም ሳለ ሲቀጥል፥ ይህም በኑሮው ላይ ከባድ መሰናክል ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ሲቈይ ነው ሕመም የሚባለው። እንዲህ ያለ ነገር በልጁ ላይ ካዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል እንጂ ማፈር አይገባም። አንድ ሌሊት ያጠፋን ልጅ ግን በበሽታ ስም መጥራት፥ ጥፋቱን ከእጁ ወስዶ ማረሚያውንም አብሮ መውሰድ ነው።

በዚያ እሑድ የተቈረጠው ምክር አጭር ነበር። ስልኩ ከራት በኋላ ቻርጅ ተደርጎ ከእናቲቱ አልጋ ራስጌ ያድራል። ልጁ የቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በቀን ይጫወታል፤ ሲጫወትም ከሰው ፊት እንጂ ከብርድ ልብስ ውስጥ አይሆንም። ጨዋታው ራሱ መጨረሻ ስለሌለው መጨረሻውን ልጁ ያበጅለታል፤ መርከቡ ሦስት ጊዜ ከተቃጠለች እርሱ ራሱ «ነጋ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል። ይህን ቃል የመረጠው ከልጁ በቀር ሌላ ሰው አይደለም። እናትየውም በበኩልዋ ስለ ምቱ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እርሱም ተነሥቶ ጉልበትዋን ሳመ። አጎትየው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋራዥ አንድ የተበላሸ ነገር እያመጣ አብረው ሊፈቱና ሊገጥሙ ቃል ገባ።

አባትየው ከሳምንት በኋላ በተመለሰ ጊዜ እኛም ደኅንነቱን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ልጁ አፍሮ ይቅርታ ሲለምነው አልተቈጣም። ከአጠገቡ አስቀምጦ የዚያችን ሌሊት ነገር አጫወተው። «ስልኬም ሊያልቅ ሆነ፤ የሚያልፍ መኪናም አልነበረ፤ ከጋቢናው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሰማይ ሳይ አደርሁ» አለው። «በአፋር በረሃ ያለውን ኮከብ ብዛት አንተ አላየኸውም። እዚህ መብራቱና አቧራው ይሸፍነዋል። እየጠበቅሁ ሳይ አመሸሁ፤ አንዱም አልቸኰለ፤ አንዱም በላዬ አልወደቀ። እናትህ ለምን እንደማትመልስልኝ ብቻ ነበር የማስበው።» ልጁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «አባዬ፥ ስንት ይሆናሉ?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው «ቈጥሬ አልጨረስሁም» አለው።

ለጠፈር ፍቅር ላላቸው ልጆች ወላጆች አንድ ነገር ብንጨምር እንወዳለን። በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዋን ሳተላይት፥ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነውን፥ በ2019 ታኅሣሥ ላይ ከቻይና ምድር አስወንጭፋ፥ ለእርሻና ለአካባቢ ጥናት የሚረዱ የምድር ፎቶግራፎችን አንሥታባታለች። ልጃችሁ በስልክ ላይ ስለሚነዳት መንኰራኵር ሲነግራችሁ፥ ይህን እውነተኛውን ነገር ብትነግሩት ጆሮ ይሰጣችኋል። የሀገራችን ወጣቶችም የስልክ ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል፤ በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን ጨዋታ «ኩኩሉ» ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ሙያ ለተሰማሩት ሁሉ ምኞታችን፥ ከአባቶች ጨዋታ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሚነጋበትንም ሰዓት እንዲወርሱ ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ያላችሁትን ጨዋታ ከመንቀፋችሁ በፊት ከልጃችሁ ጎን ተቀምጣችሁ እዩት፤ ስትሸነፉም ልጃችሁ ይይ። ከዚያ በኋላ የምትናገሩት ነቀፌታ የሚሰማ ይሆናል፤ በዐይኑ ያየ ሰው ቃል ነውና። እናንተም ልጆች፥ የምትጫወቱት ጦርነት ድል እንደሌለው ዕወቁ። በእርሱ ውስጥ ለማሸነፍ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገና ባትሪው ሳያልቅ፥ ማንም ሳያስገድዳችሁ፥ በገዛ አፋችሁ «ነጋ» ብላችሁ መነሣት ነው። በዚያች ሌሊት ከመንገድ የቀረ ሰው ቢደውልም፥ ስልኩ ያነሣለታል።